ባዶ ቦታ ፍለጋ፦ የኳርትዝ ክሪስታል ቁፋሮ ታሪክና ስበቱ

ኳርትዝ ብርቅ ማዕድን አይደለም። በአህጉሮች ቅርፊት ውስጥ በብዛቱ ከፌልድስፓር ቀጥሎ የሚገኘው እርሱ ነው፤ የብዙ ባሕር ዳርቻዎች አሸዋ ኳርትዝ ነው፣ በግራናይት ውስጥ ግራጫ መስሎ የሚያብለጨልጨው ፍሬም እንዲሁ። ሥሪቱም ቀላል ነው፤ ሲሊኮንና ኦክስጅን ብቻ። እንዲህ በየደረሱበት የሚረገጥ ማዕድን ሆኖ ሳለ፣ ሰዎች ለስምንት ሺህ ዓመታት ያህል የበረዶ ግግር እየተሻገሩ፣ በገደል ላይ እየተንጠላጠሉና ጭቃ ውስጥ እየተንበረከኩ ሲፈልጉት ኖረዋል። የሚፈልጉት ግን ያገኙትን ኳርትዝ ሁሉ አይደለም። ስድስት ጎንና ሹል ጫፍ ይዞ፣ ማንም ሳይቀርጸውና ሳይሞርደው፣ መሬት ውስጥ ተሠርቶ ያለቀውን ክሪስታል ነው።

ክሪስታሉ የሚወለደው ከሙቅ ውሃ ነው። በብዙ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ውሃ ሙቀቱ በመቶዎች ዲግሪ ሴልሺየስ የሚቆጠር ቢሆንም፣ ከላይ የተጫነው አለት ግፊት እንዲተን አይፈቅድለትም። ይህ ውሃ በአለቶች መካከል ሲዘዋወር ሲሊካ፣ ማለትም ኳርትዝ የተሠራበትን የሲሊኮንና የኦክስጅን ውሁድ፣ እያሟሟ ይሸከማል። ተራሮች በሚፈጠሩበት ዘመን አለቱ ሲታጠፍና ሲሰነጠቅ ውሃው በስንጥቁ ሽቅብ ይወጣል፤ እየወጣ በሄደ መጠን ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱም ይላላል፣ በዚህም ምክንያት የተሸከመውን ሲሊካ ሁሉ መያዝ ያቅተውና በስንጥቁ ግድግዳ ላይ ማራገፍ ይጀምራል። ስንጥቁ ጠባብ ከሆነ ከሁለቱም በኩል የሚያድጉት ክሪስታሎች መሀል ላይ ይጋጠማሉ፣ ይተፋፈጋሉ፣ ከነጭ ቅርጽ የለሽ ድንጋይ በቀር የሚተርፍ ነገር አይኖርም። ስንጥቁ የሰፋበት ቦታ ላይ ግን በውሃ የተሞላ ክፍተት ይቀራል፤ ክሪስታሎቹም ወደዚያ ክፍተት ማንም ሳይጋፋቸው እያደጉ ገጾቻቸውን አስተካክለው ይጨርሳሉ።

ስለዚህ ክሪስታል ቆፋሪ በእርግጥ የሚያድነው ክፍተቱን ነው። ድንጋዩማ ሞልቷል። የዚህ ሥራ ጥበብም ሆነ ስበት፣ በእኔ ግምት፣ ከዚህ አንድ ነገር ይመነጫል፦ ቆፋሪው ከውጭ የማይታይ ባዶ ቦታ የት እንዳለ መገመት አለበት፤ ግምቱ ቢሳካ እንኳ ቦታው እስኪከፈት ድረስ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ክፍተቶቹ እንደየአለቱ ይለያያሉ። በአልፕስ ተራሮች ማዕከላዊ ክፍል ግራናይቱ ራሱ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ሲሆን፣ ክሪስታል የሚገኝባቸው ስንጥቆች የተከፈቱት ግን ተራሮቹ እየተነሡ በነበሩበት፣ ከ20 እስከ 10 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ባለው ዘመን ነው። በአሜሪካ አርካንሶ ግዛት፣ በዋሺታ ተራሮች፣ ክሪስታሉ የሚገኘው በአሸዋ ድንጋይ ስንጥቆች ውስጥ ሆኖ ከዘመናት ብዛት በወረደ ቀይ የሸክላ አፈር ተሸፍኖ ነው። በኒው ዮርክ ግዛት ሄርኪመር አካባቢ ደግሞ አለቱ 500 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ዶሎማይት ነው፤ ክፍተቶቹ በውስጡ የተበታተኑ ትንንሽ ጉድጓዶች ናቸው፣ ክሪስታሎቹም ከግድግዳው ጋር እምብዛም ሳይጣበቁ ስላደጉ በሁለቱም በኩል ሹል ጫፍ አላቸው። «የሄርኪመር አልማዝ» የሚለው መጠሪያ ገዢን የሚያሳስት ነው፤ ከስሙ በስተጀርባ አልማዝ የለም። አልማዝ ካርቦን ነው፣ ጥንካሬውም በሞህስ መለኪያ 10 ሲሆን የኳርትዝ 7 ነው። የቁፋሮውም ስልት እንደ ቦታው ይለዋወጣል፤ አርካንሶ ላይ ዶማና አካፋ ብዙ ሥራ ሲሠሩ፣ ሄርኪመር ላይ ያለ ከባድ መዶሻና ያለ ብረት ሽብልቅ አንድ እርምጃ መሄድ አይቻልም።

ልምድ ያለው ቆፋሪ መጀመሪያ የሚፈልገው በአለቱ ላይ የተዘረጋ ነጭ የኳርትዝ መስመር ነው። መስመሩን አግኝቶ ይከተለዋል፤ የሚሰፋበትን፣ ከሌላ መስመር ጋር የሚገናኝበትን፣ ወይም በዙሪያው ያለው አለት ቀለሙን የለወጠበትን ቦታ ይመረምራል። በአልፕስ ሙቁ ውሃ ከስንጥቁ አጠገብ ያለውን ግራናይት ራሱን እየበላ ሲሊካውን ስለወሰደበት፣ አለቱ እዚያ ላይ ነጣ ብሎና ተቦርቡሮ ይታያል። ሌላው ምልክት ከገደሉ ሥር የተንከባለለ የክሪስታል ስባሪ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተገኘ የመጣበትን አቅጣጫ ሽቅብ መከተል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው፤ ከአሥር ነጭ መስመሮች ዘጠኙ ባዶ ቦታ ላይ ሳያደርሱ ቢያልቁ የሚያስገርም አይደለም።

ክፍተቱ ሲገኝ ሥራው በድንገት ይለወጣል። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ጉልበት ያገለግል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ጉልበት ጠላት ነው። ዶማው ይቀመጣል፣ ድጅኖውም ይርቃል፤ ብረት የነካው የክሪስታል ጫፍ በአንድ ምት ይሸረፋልና ቆፋሪው የእንጨት መፈልፈያ ወይም ጣቱን ይጠቀማል። ኪሱ፣ ማለትም ክፍተቱ፣ ብዙውን ጊዜ በእርጥብ ሸክላ የተሞላ በመሆኑ በዓይን የሚታይ ነገር የለም፣ ሁሉም ነገር በመዳሰስ ነው የሚታወቀው። እጁ በጭቃው ውስጥ ገብቶ ሻካራውን ሲያልፍ፣ ጣቱ በድንገት ልሙጥና ቀዝቃዛ ገጽ ላይ ያርፋል፤ ገጹን ተከትሎ ሲሄድ ጠርዝ ያገኛል፣ ከጠርዙ ማዶ ሌላ ገጽ። አሁን የሚጠየቀው ጥያቄ ክሪስታሉ ከግድግዳው ጋር ተያይዟል ወይስ ጥንት በመሬት መናወጥ ተሰብሮ በጭቃው ውስጥ ተኝቷል የሚለው ነው። ከተያያዘ አይነቀነቅም፤ ዙሪያው ተፈልፍሎ፣ ከተጣበቀበት አለት ጋር አብሮ ነው የሚወጣው። የጀማሪ ትልቁ ስሕተት በዚህ ሰዓት መቸኮል ነው። የሹል ጫፉ ጉዳት በውበቱም በዋጋውም ላይ የከፋ ነው፣ ኳርትዝም ቀጥ ብሎ የሚሰነጠቅበት አቅጣጫ ስለሌለው የተሸረፈው ቦታ ጎድጎድ ያለ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል።

የወጣው ክሪስታል ቶሎ አይታጠብም። በውስጡ ጥቃቅን የፈሳሽ ከረጢቶች ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ በፀሐይ የሞቀ ድንጋይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ይሰነጠቃል፤ ከቀዝቃዛ ኪስ የወጣውንም ፀሐይ ላይ ማስጣት እንዲሁ ነው። ቀስ ብሎ ከአየሩ ጋር እስኪለማመድ ጥላ ሥር ይቆያል፣ ከዚያ ጭቃው ይለቀቃል። ቀይ የብረት ዝገቱ ግን በውሃ አይለቅም፤ ለእርሱ የተለመደው ኦክሳሊክ አሲድ ነው፣ አሲዱ መርዛማ በመሆኑም ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ በጓንት፣ ከልጆችና ከእንስሳት ርቆ ነው የሚሠራበት። ጸድቶ ሲታይ በስድስቱ ጎኖች ላይ ቀጫጭን መስመሮች አግድም ተሰምረው ይታያሉ። መስመሮቹ የዕድገት ምልክት ናቸው፤ የብርጭቆ ማስመሰያ ይህን ስለማይኖረው ለዓይን ጥሩ መለያ ነው።

የሰው ልጅ ይህን ማዕድን መቆፈር የጀመረው ለጌጥ አልነበረም። በስዊዘርላንድ ዑሪ ካንቶን፣ ፉኦርክላ ዳ ሽትሬም ሱት በሚባል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ቦታ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 6000 ዓመት አካባቢ አዳኞች ክሪስታል እያወጡ ስለታም መሣሪያ ይሠሩበት እንደነበር የሚያሳዩ ቅሪቶች ከበረዶ ግግሩ ዳር ተገኝተዋል። ባልጩት በቅርብ በማይገኝበት ከፍታ ላይ ጥርት ያለ ኳርትዝ ጥሩ ምትክ ነበር። ሮማውያን ደግሞ ክሪስታልን ለጽዋና ለጌጥ ይፈልጉት ነበር፤ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ጸሐፊ ፕሊኒ ክሪስታል እጅግ በጠና ብርድ የረጋ በረዶ ነው ብሎ ያምን ነበር፣ ድንጋዩም በረዷማ ተራሮች ላይ መገኘቱ እምነቱን ያጠናክርለት ነበር። ፕሊኒ ስድስት ጎን የሚይዝበትን ምክንያት ማስረዳት ቀላል አለመሆኑን ሳይሸሽግ መጻፉ ግን ከስሕተቱ ይልቅ የሚያስከብረው ይመስለኛል።

በ10ኛውና በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፋጢሚዶች የተባሉት ሙስሊም ኸሊፋዎች ይገዟት የነበረችው ካይሮ የክሪስታል ጥበብ ከፍተኛ ደረጃ የደረሰበት ከተማ ነበር። ከአንድ ወጥ ክሪስታል የተፈለፈሉ ማንቆርቆሪያዎች ግድግዳቸው እስከ ጥቂት ሚሊሜትር ድረስ ሳስቶ፣ አንበሳና ሐረግ ተቀርጾባቸው፣ ጥቂቶቹ እስከ ዛሬ በአውሮፓ ቤተ ክርስቲያናት ግምጃ ቤቶች ተጠብቀዋል። በቬኒስ ቅዱስ ማርቆስ የሚገኘው አንዱ ከ975 እስከ 996 የገዛውን የኸሊፋ አል አዚዝን ስም ይዟል። ጥሬ ዕቃው ከሩቅ ይመጣ ነበር፤ ታላቁ ሊቅ አል ቢሩኒ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ደሴቶች ወደ ባስራ የሚጫን ክሪስታል እንደነበር ጽፏል። ቆይቶ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሚላኖ የጠራቢዎች መዲና ስትሆን፣ የአልፕስ ክሪስታል ገበያ በዚያው መጠን ሰፋ።

በአልፕስ ሸለቆዎች ክሪስታል ፍለጋ የገበሬዎችና የእረኞች የበጋ ሥራ ሆነ። በጀርመንኛ ተናጋሪው ስዊዘርላንድ ሽትራለር የሚባሉት እነዚህ ሰዎች ሣር ከታጨደ በኋላ ገመድና ረጅም ድጅኖ ይዘው ወደ ቋጥኙ ይወጡ ነበር። በ1719 ዚንገንሽቶክ በተባለ ተራራ ላይ የተከፈተው ዋሻ 50 ቶን ያህል ክሪስታል ሰጥቷል፤ በ1868 ደግሞ ከቲፈን የበረዶ ግግር በላይ ካለው ገደል ግዙፍ ጢስማ (የጢስ ቀለም ያላቸው) ክሪስታሎች ወጥተው ከፊሎቹ ዛሬ በበርን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይታያሉ። ተራራ መውጣት እንደ መዝናኛ ከመታሰቡ በፊት ከፍታውን የሚያውቁት እነርሱ ነበሩ። ነሐሴ 8 ቀን 1786 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ከሐኪሙ ሚሼል ፓካር ጋር የሞን ብላንን ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጠው ዣክ ባልማ የሻሞኒ ክሪስታል ፈላጊ ነበር። በእነዚህ ሰዎች ዘንድ የተከበረ ልማድ አለ፤ አንድ ሰው ስንጥቅ አግኝቶ መሣሪያውንና ምልክቱን ትቶበት ከሄደ ሌላው አይነካበትም።

ፕሊኒን ያስቸገረው ጥያቄ የተፈታው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በ1669 ዴንማርካዊው ኒኮላስ ስቴኖ ክሪስታሎችን ሲለካ፣ አንዱ ቀጭን ሌላው ወፍራም፣ አንዱ ጠማማ ሌላው ቀና ሆኖ ሳለ፣ ተመሳሳይ ገጾች የሚገናኙበት ማዕዘን ግን ሁልጊዜ አንድ መሆኑን አስተዋለ። እንዲሁም ክሪስታል እንደ ተክል ከውስጥ በመመገብ እንደማያድግ፣ ይልቁንም ከዙሪያው ፈሳሽ በላዩ ላይ እየተደረበበት እንደሚገዝፍ ጻፈ። ዛሬ ምክንያቱ ይታወቃል፤ አቶሞቹ በጠመዝማዛ ሥርዓት ተደርድረዋል፣ ጠመዝማዛውም ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ሊዞር ስለሚችል ቀኝና ግራ የሚባሉ ሁለት የኳርትዝ ዓይነቶች አሉ።

ቁፋሮውን ከገበሬ የበጋ ሥራ ወደ ጦርነት ጉዳይ ያሸጋገረው በ1880 ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች ያገኙት ነገር ነው። በተወሰነ አቅጣጫ የተቆረጠ የኳርትዝ ቁራጭ ሲጫኑት በገጾቹ ላይ ኤሌክትሪክ ይታያል፤ ተቃራኒውም እውነት ሆኖ ተገኘ፣ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ቅርጹ በጥቂቱ ይለወጣል። ቁራጩ እንዲንቀጠቀጥ ከተደረገ የሚንቀጠቀጥበት ድግግሞሽ በመጠኑና በአቆራረጡ ይወሰናል፣ ከዚያም እምብዛም ፈቀቅ አይልም። ይህን ጸባይ በመጠቀም በ1920ዎቹ የሬዲዮ ጣቢያዎችን ሞገድ ማስተካከል ተቻለ፣ በ1927ም በቤል ላቦራቶሪ የመጀመሪያው የኳርትዝ ሰዓት ተሠራ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታንኩም አውሮፕላኑም በሬዲዮ ይነጋገር ስለነበር የኳርትዝ ቁራጮች በሚሊዮኖች ተፈለጉ፤ ዋናዋ ምንጭ ብራዚል ነበረች፣ በአርካንሶም ተራሮች ቁፋሮው ተጧጧፈ። እዚህ ላይ ግን አንድ ግራ የሚያጋባ እውነት ብቅ አለ። ለዓይን እንከን የሌለበት ክሪስታል ለሬዲዮ ጨርሶ የማይረባ ሊሆን ይችላል። በአንዱ ክሪስታል ውስጥ ሁለት አካሎች በተቃራኒ አቅጣጫ ተዋሕደው ያደጉ እንደሆነ፣ ማለትም መንታ እንደሆነ፣ የአንዱ ኤሌክትሪክ የሌላውን ያጠፋል፤ ይህንንም ከውጭ አይቶ ማወቅ ስለማይቻል እያንዳንዱ ድንጋይ በልዩ ብርሃንና በአሲድ መመርመር ነበረበት። በዚህ ምክንያት ከተቆፈረው ውስጥ ለሥራ የበቃው ጥቂቱ ነው፣ ለሙዚየም የሚሆን ስንት ያማረ ክሪስታልም እየተቆራረጠ ሄደ።

ከጦርነቱ በኋላ ሰው ክሪስታሉን ራሱ ማሳደግ ቻለ። ጣሊያናዊው ጆርጆ ስፔትሲያ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የሞከረው ስልት ተሻሽሎ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ለገበያ የሚሆን ምርት መውጣት ጀመረ። የኳርትዝ ስባሪ ከአልካላይ ውሃ ጋር በወፍራም የብረት ጋን ይታሸጋል፣ ከ350 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ ይሞቃል፣ ግፊቱ ከአንድ ሺህ የአየር ግፊት ያልፋል፤ ከታች የሟሟው ሲሊካ ከላይ በተንጠለጠለው ቀጭን የዘር ቁራጭ ላይ በሳምንታት ውስጥ ይደረባል። ተራራው ውስጥ የሆነው ነገር ነው፣ የተመረጠ ዘርና የታሰበበት ሙቀት ተጨምሮበት። ታኅሣሥ 25 ቀን 1969 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሴይኮ የመጀመሪያውን የእጅ ኳርትዝ ሰዓት ለገበያ ካቀረበ በኋላ ሰው ሠራሹ ኳርትዝ በየእጁ ገባ። ዛሬ በተለመደው ሰዓት ውስጥ ያለችው ቅንጣት በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትንቀጠቀጣለች፤ ይህ ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት ሲካፈል አንድ ስለሚሰጥ ነው የተመረጠው።

ኢንዱስትሪው የተፈጥሮ ክሪስታልን በዚህ መልኩ ሲተወው ቁፋሮው ይጠፋል ተብሎ ሊጠበቅ ይችል ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። አርካንሶ በ1967 ኳርትዝን የግዛቷ ማዕድን አድርጋ ሰየመች፤ በማውንት አይዳ ከተማ አካባቢ ጎብኚዎች ከፍለው ቀኑን ሙሉ የሚቆፍሩባቸው ማዕድን ማውጫዎች አሉ፣ በየዓመቱም የቁፋሮ ውድድር ይካሄዳል። በስዊዘርላንድም ሽትራለሮቹ ሥራቸውን አላቆሙም፤ ፕላንገንሽቶክ ላይ ሁለት ሰዎች ለዓመታት አለት ሲበሱ ቆይተው በ2005 ያገኙት ግዙፍ ዘለላ በበርን ሙዚየም ለሕዝብ ቀርቧል።

ሰው የሚሳበው በብዙ ነገር ነው፣ ከሁሉ የሚልቀው ግን የተጠናቀቀ ነገር ማግኘት ይመስለኛል። ወርቅ ይቀልጣል፣ አልማዝ ይሞረዳል፤ ክሪስታል ግን ከጭቃው እንደወጣ ያለቀ ነው፣ ለሚሊዮኖች ዓመታት በጨለማ የቆየ ገጽ ብርሃን የሚያርፍበት ያኔ ነው፣ የመጀመሪያው ተመልካችም ቆፋሪው ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ የሚነበብ ነገር አለ። በአንዳንዱ ክሪስታል ውስጥ ዕድገቱ ለጥቂት ጊዜ ተቋርጦ አቧራ መሰል ማዕድን ስላረፈበት፣ ሌላ ትንሽ ክሪስታል በትልቁ ውስጥ የቆመ መስሎ ይታያል። በሌላው ደግሞ ክሪስታሉ ሲያድግ የታሰረ ውሃ አለ፤ ድንጋዩን ወደ ጎን ሲያዘነብሉት በዚያ ውሃ ውስጥ ያለችው አረፋ ከዳር ዳር ትሄዳለች። ቀለሙም እንደዚሁ ምክንያት አለው። ወይን ጠጁ አሜቴስጢኖስ ጥቂት ብረት ያለበትና የአካባቢው አለት ጨረር ያገኘው ኳርትዝ ነው፤ ጢስማው ደግሞ በብረት ፋንታ አሉሚኒየም የያዘ ነው። አሜቴስጢኖስ በእሳት ሲሞቅ ወደ ቢጫነት ስለሚለወጥ፣ በገበያ ሲትሪን ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው እንዲህ የተሠራ ነው።

በክሪስታል ይፈወሳል፣ ኃይል ይሞላል የሚለው ወሬ ገበያውን እንዳደመቀው አይካድም፤ ማስረጃ ግን የለውም። የጥንት አዝቴኮች ሥራ ናቸው ተብለው የተከበሩት የክሪስታል የራስ ቅሎችም በብሪቲሽ ሙዚየምና በስሚዝሶንያን ባለሙያዎች ሲመረመሩ፣ የአዲስ ዘመን መሽከርከሪያ መሣሪያ ጭረት ተገኝቶባቸዋል። የድንጋዩ እውነተኛ ታሪክ ይህን ሁሉ ተረት አያስፈልገውም ነበር።

ለመቆፈር የሚያስብ ሰው ሊያውቀው የሚገባው አደጋ የአሲዱ ብቻ አይደለም። አለቱ ሲፈለጥ የሚነሣው የሲሊካ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ የተባለ የማይድን በሽታ ያመጣል፣ ስለዚህ አለቱን ማርጠብና ተገቢ ጭንብል ማድረግ ግድ ነው። የፍንጣሪ ጉዳት ዓይንን ያጠፋል፤ ከሥሩ የተቦረቦረ የአፈር ግድግዳ ሳይታሰብ ይናዳል፣ ኪሱን ተከትሎ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰውም ይህን የሚዘነጋው ደስታው በበረታበት ሰዓት ነው። የመሬቱ ባለቤት ፈቃድና የአገሩ ሕግም ከቁፋሮው በፊት ይጠየቃሉ፤ በአንዳንድ የስዊዘርላንድ ካንቶኖች ያለ ፈቃድ ወረቀት መፈለግ ክልክል ነው።

ክሪስታሉ ከወጣ በኋላ ደግሞ ብዙ ጀማሪዎች የሚዘነጉት አንድ ሥራ አለ፤ ከየትኛው ቦታ፣ ከምን ዓይነት አለት፣ መቼ እንደወጣና ከእርሱ ጋር ምን ሌላ ማዕድን እንደተገኘ መጻፍ። በውስጡ የታሰረው ፈሳሽ ተመርምሮ ክሪስታሉ ያደገበትን ሙቀት መገመት ይቻላል፤ ቦታው ከታወቀ ያ ግምት ተራራው እንዴት እንደተነሣ ለሚያጠና ሰው መረጃ ነው፣ ካልታወቀ ግን የአንድ ድንጋይ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ማስታወሻው ከክሪስታሉ ጋር በአንድ ሣጥን ይቀመጣል፣ ድንጋዩ ባለቤት ሲቀይርም አብሮት ይሄዳል።